በርሜሉ ላይ የተጻፈው ቃል

ጥቅምት 4

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ለቀለሜ፤

ጤናህ የተሟላ፣ ደጅህ የሰላም ይሁን። እኛ ደህና ነን። ካውያው ይግላል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ወገቤም እንደ ልማዱ ያማርራል።

ደብዳቤዬ ድንገት ሆኖብህ እንዳትደነግጥ፤ የሞተ ሰው የለም። እናትህ ካረፈች ወዲህ አልተጻጻፍንም። እኔና አባትህ የወንድማማች ልጆች ነን፤ አንተ ዘንድ እስኪደርስ ግን ዝምድናው ሳስቷል። አሁን የማስታውስህ ለጉዳይ ስለሆነ ትንሽ አፍራለሁ። ቢሆንም ጉዳዩ ከሙያህ አይርቅም።

የእጥበት ቤቱን አትረሳውም። አንሶላ ማጠፊያው ጠረጴዛ ሥር ተጋድመህ መጽሐፍ ስታነብ ነው ቀለሜ የሚለው ስም የወጣልህ። አሁን ሦስት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽንና አንድ መጭመቂያ አለኝ። የሁለት ሆቴልና የአንድ ክሊኒክ አንሶላ በእኛ እጅ ነው። የታጠበበት ውሃ በጓሮው ቱቦ ወጥቶ ጅረቱ ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ። ቦት ጫማ አድርጎ፣ ጠርሙሶቹን በሳጥን ደርድሮ፣ ቱቦው አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ውሃ ቀዳ። ቆይቶ ደግሞ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ከተቋሙ የሚለቀቀው ፍሳሽ በውሃው ሥነ ምህዳር ላይ የንጥረ ነገር ጫና ያስከትላል፣ ብዝኃ ሕይወቱን ይጎዳል፣ እስከ ክረምቱ መግቢያ ዘላቂ አማራጭ ይተግበር፣ ያለበለዚያ ቱቦው ይታሸጋል ይላል።

«ሥነ ምህዳር ምንድን ነው?» አልኩት።

«የብዝኃ ሕይወት መስተጋብር ነው።»

«ብዝኃ ሕይወትስ?»

«እሱማ የሥነ ምህዳር መሠረት ነው።»

አንዱን በሌላው ጠቅልሎ ሰጠኝና ሄደ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ቱቦው እንደሚታሸግ ደግሞ በደንብ በሚገባኝ ቋንቋ ነው የነገረኝ። አንተ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ቃል እየጻፍክ የምትኖር ሰው ነህና እነዚህን ቃላት ፍታልኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ምን እንደማስተካክል አላውቅም።

ከእኛ በታች የሟቹ ወንድሜ ሚስት አትክልት እንደምታለማ፣ ከጅረቱ በተጠለፈ ውሃ ዓሣ የምታረባበት ኩሬም እንዳላት ሰምተህ ይሆናል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰላምታ ታሳጥርብኛለች። ይህ ከወረቀቱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እንጃ።

የአባትህ የአጎት ልጅ፣ ከእጥበት ቤቱ


ጥቅምት 29

ለተከበሩ እትዬ፤

ጤና አይለይዎ፤ ቤትዎና ሥራዎ ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቢሮዬ ውስጥ ነው። መስኮቴ የጭነት መኪኖች የሚሞሉበትን ግቢ ያያል፤ ቀኑን ሙሉ የሎሚ ሽታ ይገባል፤ ሎሚ ግን ግቢው ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ወደ ቃላቱ ልግባ። ሥነ ምህዳር ማለት አንድ ቦታ የሚኖሩ ነገሮች ሁሉ እርስ በርስ ያላቸው ኑሮ ነው። ኩሬን ብንወስድ፦ ውሃው፣ ጭቃው፣ ሣሩ፣ እንቁራሪቷ፣ ዓሣው፣ ትንኙ፤ ማን ማንን እንደሚበላ፣ ማን በማን ተጠግቶ እንደሚያድር። ብዝኃ ሕይወት የእነዚህ ነዋሪዎች ዓይነት መብዛት ነው። ዓይነታቸው እያነሰ ከሄደ ሰፈሩ ታሟል ማለት ነው።

ንጥረ ነገር ያሉት ምግቡን ነው። ብዙ የልብስ ሳሙና ውስጥ ፎስፌት የሚባል አለ፤ እድፍ ያስለቅቃል። ያው ነገር ማዳበሪያ ውስጥም አለ። ኩሬ ሲገባ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር ይመገበዋል፤ ይሰባል፤ ውሃውን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ከዚያ ራሱ ሞቶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ባጭሩ ኩሬ የሚሞተው በጥጋብ ነው።

ዘላቂ ማለት ዛሬ ስንጠቀምበት ለነገ የማይጎድልብን ማለት ነው። እዚህ ቃሉን የማይለጥፉበት ነገር የለም፤ ሰሞኑን ዘላቂ የጥርስ ብሩሽ አይቻለሁ።

ይሁንና ጥፋቱ የግድ የእርስዎ ነው ማለት አይደለም። ከላይ ካሉ ማሳዎች በዝናብ የሚታጠብ ማዳበሪያም ሊሆን ይችላል። ይህንን ለሰውየው ቢያነሡለት መልካም ነው።

አክባሪዎ፣ ቀለሜ


ኅዳር 19

ይድረስ ለቀለሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። ማብራሪያህ ደርሶኛል። ለሠራተኞቼም አነበብኩላቸው፤ ኩሬ በጥጋብ ይሞታል የምትለዋ ላይ ልብስ ተኳሿ ሳቀች፣ ከዚያ ዞራ ቱቦውን አየች።

የማሳውን ነገር ይዤ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ከቱቦዬ በላይ ውሃው ጠጠሩን ያሳያል። ከቱቦዬ በታች ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ ንፍጥ ለብሷል። ስለዚህ ማሳውን ተውኩት።

እግረ መንገዴን የወንድሜ ሚስት ዘንድ ደረስኩ። ኩሬው ዳር ቆማ ሬክ በሚባለው ባለ ጥርስ መጎተቻ አልጌ ትጎትታለች፤ እንደ ረጠበ ሱፍ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከጎኗ ሳፋ ውስጥ የሞቱ ዓሦች አሉ።

«አንቺ ነሽ?» አለች ሳትዞር።

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?»

«ኩሬውን ልይ ብዬ ነው።»

«ይኸውልሽ። እይው።»

አየሁት። ሽታውንም ልነግርህ አልፈልግም።

«መቼ ጀመረ?»

«ትልልቆቹን ማሽኖች ያስገባሽ ጊዜ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሬኩን አጥሩ ላይ አስደገፈችው። «ወንድምሽ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያስተማርሽልኝ በዚያው እጥበት ነው። በየት በኩል አፌን ልክፈት?»

ሳፋውን በሁለት በኩል ይዘን ወስደን ዓሦቹን ብስባሽ ጉድጓዷ ውስጥ ደፋናቸው። ቢያንስ ለጎመኑ ይሁኑ አለች።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የምናጥብበት ዱቄት በሰማያዊ በርሜል ይመጣል። ከአንተ ፋብሪካ ነው። ቅጠል ተስሎበት፣ ከሥሩ በቋንቋችን «ለተፈጥሮ ተስማሚ፤ በተፈጥሮ የሚበሰብስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ስንት ዓይነት እያለ ይህንን የመረጥኩት ቅጠሉን አይቼ፣ አንተንም አስቤ ነው። በቋንቋችን ስለሆነ ጽሑፉ የእጅህ ሥራ ይመስለኛል። እውነት ነው?

የአባትህ የአጎት ልጅ


ጥር 30

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ከረሙ? ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የፈረንጆቹ ዓመት መዝጊያ ስለነበር ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። እዚህ ብርዱ በርትቷል፤ ጠዋት የአውቶቡሱ መስኮት ከውስጥ በኩል በረዶ ይሠራል። እኔ ግን ሙቀት ያለው ቤት ውስጥ ነኝና ለእኔ አያስቡ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት፤ ወደ ውጭ የሚላኩ ዕቃዎች ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእጅ ክሬም ልኬያለሁ፤ ውሃና ሙቀት ለሚጎዳው እጅ ይሆናል።

ስለ በርሜሉ የጠየቁኝን አልዘነጋሁትም። ጉዳዩ ብዙ ክፍሎችን ስለሚመለከት አጣርቼ እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያው ስሜን ለማንም ባያነሡ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣ ቀለሜ


የካቲት 21

ለቀለሜ፤

ሹመቱ የእድገት ያድርግልህ። ክሬሙን ተኳሿ ተቀባችው፤ ሽታውን ወዳዋለች። ብርድ መሆኑም ገብቶኛል። ጥያቄዬ ግን እዚያው እንደተቀመጠ ነው።

እስክታጣራ ድረስ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልሆነልኝም። በርሜሉን ተውኩትና ተራ ሳሙና እየፈቀፈቅን፣ ከሶዳ ጋር፣ በሙቅ ውሃ ረዘም አድርገን ማጠብ ጀመርን። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን እንደ በረዶ አያብለጨልጭም። የትልቁ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አንዱን መስኮት ላይ ዘርግቶ አየው።

«እትዬ፣ ይሄ ነጭ ነው?»

«ንጹሕ ነው» አልኩት።

«ንጹሕ ነው ወይ አላልኩም። ነጭ ነው ወይ ነው ያልኩት።»

በማግሥቱ መኪናው መጥቶ አንሶላውን ጭኖ ከጅረቱ ማዶ ወዳለው እጥበት ቤት ወሰደው። እኔም ሁለት ሠራተኞች አሰናበትኩ። አንዷ አብራኝ ያረጀች ናት፤ ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ደህና ሁኚ ብላኝ ወጣች።

የማዶው እጥበት ቤት የሚያጥበው በዚያው በሰማያዊ በርሜል ነው። ውሃውም እዚያው ጅረት ይገባል። ስለዚህ እኔ ብተወውም ኩሬው አልዳነም። ባለቤቱን ባነጋግረው በርሜሉን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ተስማሚ ነው ይላል እኮ» አለኝ።

ሰላም ሁን።

የአባትህ የአጎት ልጅ


መጋቢት 25

ለተከበሩ እትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ሳልጽፍ ቀርቼ ሳይሆን እየጻፍኩ ስለቀደድኩ ነው። አሁን በቀጥታ እመልሳለሁ።

«ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚለው ቃል መለኪያ የለውም። ማንም በምንም ላይ ቢጽፈው «ከምን ጋር ተመዝኖ?» የሚል የለም። «የሚበሰብስ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ከውስጡ አረፋ የሚያወጣው ነገር ይበሰብሳል። ፎስፌቱ ግን አይበሰብስም። ምግብ ሆኖ ይቀራል፤ የሚበላው ሲሞት ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከጭቃው ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

እዚህ አገር የልብስ ሳሙና ውስጥ ፎስፌት እንዳይገባ ሕግ ስለከለከለ፣ እዚህ በሚሸጠው በርሜል ውስጥ የለም። ወደ እናንተ በሚላከው ውስጥ አለ፤ ርካሽ ስለሆነና በደንብ ስለሚያነጣ። ቅጠሉ ግን በሁለቱም በርሜሎች ላይ አለ። ዓረፍተ ነገሩን ወደ ቋንቋችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስጽፈው የእዚህኛውን ዱቄት ዝርዝር ነበር የሰጡኝ። የእናንተን ያየሁት ከጠየቁኝ በኋላ ነው።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ሁለት ዓይነት ዱቄት ለምን በአንድ ዓይነት ጽሑፍ እንደሚሸጥ ጠየቅሁት።

«ሕጋቸው ይከለክላል?» አለኝ።

«አይከለክልም።»

«ታዲያ ማን ጠየቀ?»

«አንዲት ገዢ።»

«አንዲት?» አለና ስልኩን አነሣ። ወጥቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፤ በዚያው ቀን የአንድ አዲስ በርሜል ጽሑፍ ጨረስኩ።

የነገርኩዎትን ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። ስሜን ግን አያንሡ። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራው ከሄደ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ቀለሜ


ሚያዝያ 16

ይድረስ ለቀለሜ፤

ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ የልብህን ሰላም አይንሣህ። መልስህ ደርሶኛል፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።

የአካባቢ ጥበቃው ሰው በጅረቱ ዳር የምንሠራውን ሁሉ ሰብስቦ ነበር፤ እጥበት ቤቶቹን፣ ጋራዡን፣ ክሊኒኩን። የወንድሜ ሚስትም መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ተነሥቼ የሁለቱን በርሜሎች ነገር ነገርኳቸው።

«ይህንን ማን ነገረዎት?» አለ ሰውየው።

«ዘመድ።»

«ዘመድዎ ስም የለውም?»

«አለው። አልናገርም።»

የማዶው እጥበት ቤት ባለቤት ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ዘመድ ባወራው ወሬ የሰው እንጀራ ይዘጋል?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔም «ዱቄቱን ራሳችሁ መርምሩት» አልኩ። ሰውየው ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ አስረዳኝ፤ መመርመሪያው ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ፈቃድ አግኝቶ የገባ ዕቃ እንዲመረመር ደግሞ የሚያውቅ ሰው በስሙ መመስከር አለበት። ያለ ስም ወሬ ነው አለኝ። ሲናገር ደስ አላለውም።

ይህንን የምጽፍልህ ፈርም ለማለት አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድህን ነገር አንብቤያለሁ፤ ገብቶኛል። የሆነውን ማወቅ አለብህ ብዬ ነው።

ሌላው ወሬ፦ የወንድሜ ሚስት ከአጥሬ ሥር ያለውን ላይኛውን መደቧን ለቀቀችልኝ። ሰላጣ የምታበቅልበት፣ ከሁሉም ደህናው መሬቷ ነው። እዚያ ሁለት ጠፍጣፋ ጉድጓድ ቆፍረን ሸምበቆ እየተከልን ነው። ውሃዬ ወደ ጅረቱ ከመግባቱ በፊት እዚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሸምበቆው የሚበላውን ይበላል፣ ሲያድግ ታጭዶ ብስባሽ ይሆናል። «መሬትሽን በነፃ?» ብላት «ጅረቱን በነፃ ስትጠቀሚ አልነበር?» አለችኝ። ሳትስቅ ነው ያለችው።

የአባትህ የአጎት ልጅ


ግንቦት 20

ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ። አጭር ደብዳቤ ነው።

ትናንት ስሜን እስከ አያቴ፣ የሥራ ድርሻዬን፣ የሁለቱን ዱቄቶች ልዩነት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ እዚያ ላለው ለአካባቢ ጥበቃ ዋና መሥሪያ ቤት በአደራ ፖስታ ላክሁ። ቅጂውን ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። «ይህንን ለማን ብለህ ነው?» አለኝ። «ለገዢዋ» አልኩት። የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለኝ።

ፈቃዴ እስከ መስከረም መጨረሻ ያቆየኛል። ሌላ ሥራ እየጠየቅሁ ነው፤ ካልሆነ ወደ አገር መመለስ ነው። ስሜን አሁን ማንሣት ይችላሉ።

ቀለሜ


ነሐሴ 28

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቀለሜ፤

በሄድክበት ሁሉ በጎ ሰው ይግጠምህ። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው ፖስታው ዘግይቷል፤ የሆነውን ሁሉ አሁን ልጻፍልህ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ልኮ ከእኔ መጋዘን የቀረችውን አንዲት በርሜልና ከማዶው ሦስት በርሜል ወሰደ። ያልከው ነገር ተገኘ። ቅጠል ያለበት በርሜል እስኪስተካከል እንዳይገባ ታግዷል። የማዶው ሰውዬ አኩርፎኛል፤ ግን እሱም ሳሙና መፈቅፈቅ ጀምሯል። የትልቁ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ሳምንት ከነአንሶላው ተመለሰ። «ነጭ አይደለም እኮ» ብዬ ብነግረው «ምን ላድርግ እትዬ፣ ከተማው ሁሉ እኩል ወይቧል» አለኝ።

ካሰናበትኳቸው ሁለቱ አንደኛው ተመልሷል። ያቺ አብራኝ ያረጀችው ግን ክሊኒክ ፅዳት ገብታለች፤ አልመለስም አለችኝ፤ አልፈረድኩባትም። ቱቦዬ አልታሸገም። ሸምበቆው ከወገቤ በላይ ደርሷል፤ ከእሱ የሚወጣው ውሃ እጅ ያስታጥባል።

አንተ ሥራ አግኝተህ ከሆነ እሰየው። ካላገኘህ ማጠፊያው ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሸምበቆው ነው። የአካባቢ ጥበቃው ሰው ወረቀቶቹን በሰው ቋንቋ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል፤ እንዲፈልግ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። ተስፋ አልሰጥህም፤ ጠይቄዋለሁ፣ አስብበታለሁ ብሏል።

ይህንን ደብዳቤ የጻፍኩት የወንድሜ ሚስት ቤት፣ ኩሬው ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላ ነበር። እሷ ጎመን እየቀነጠሰች «ምን እያልሽው ነው?» አለችኝ።

«ውሃው ጠራ እያልኩት ነው» አልኳት። «እንጀራውን ያጣው በእኛ ነገር ነውና ደስ ይበለው።»

ተነሥታ ሄዳ በጣሳ ከኩሬው ቀድታ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከድሮው ይሻላል፤ ሽታው ጠፍቷል፤ አረንጓዴው ግን አለ። ጭቃው የበላውን ቀስ እያለ ነው የሚመልሰው፤ የአካባቢ ጥበቃው ሰው ገና ዓመታት ይፈጃል ብሏል። ዓሣም አልገባበትም።

«ይሄ ጠርቷል?» አለችኝ።

«አልጠራም።»

«እንግዲያው ጠራ ብለሽ እንዳትጽፊለት። እሱ ለዚች ቃል ነው ከሥራው የወጣው።»

ያንን ወረቀት ቀድጄ ሌላ አወጣሁ። የደረሰህ ይህኛው ነው። ውሃው ገና አልጠራም።

አክስትህ